ስኳርም ስካርም የሌለው ቸኮሌት

አክስቴ ጎደሊቭ ቀምሳ «ይሂድ» ካላለች ከአጎቴ ከአኪል ማድቤት አንዲት ቸኮሌት ወደ ሱቁ መስኮት አትወጣም ነበር። መኸለን ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው አደባባይ ጀርባ ባለችው ሱቃችን እጁ የእሱ፣ ምላሱ የእሷ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው። ጠዋት ሱቅ እከፍታለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ጭቅጭቃቸውን እሰማለሁ።

አንድ የበረዶ ወራት አክስቴ ውሃ ብትጠጣ ብትጠጣ አልረካ አለች። ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት ስኳር ነው ተባለ። ሐኪሙ ስለ ዳቦው፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ቢራው ተናገረ። ቸኮሌት ላይ ሲደርስ አጎቴ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ መሬት መሬቱን አየ።

ከዚያ ወዲህ የሚቀመሰው ለእኔ መምጣት ጀመረ። እኔ ምን አውቃለሁ? «ይጣፍጣል» እላለሁ።

«ይጣፍጣል ደግሞ ፍርድ ነው?» ትላለች አክስቴ ከላይ ቤት። «ለአሳማም ብትሰጡት ይጣፍጠዋል!»

እየቆየች ግን መሳደቡንም ተወችው። ማድቤት መውረድ አቆመች፤ ሬዲዮዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ትውላለች። አንድ ቀን አጎቴ ለውዝ አሳረረ። ሽታው ቤቱን ሞላው፣ ከላይ ግን ድምፅ የለም። አጎቴ ማማሰያውን እንደያዘ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«ሰማሽ? ዝም አለች» አለኝ። «ስትጮህብኝ እንጂ ዝም ስትል አልችለውም።»

አጎቴ ስኳር የሌለው ቸኮሌት ሲባል ስሙን እንኳ መስማት አይወድም ነበር፤ «የፋርማሲ ቸኮሌት» እያለ ያንቋሽሸዋል። ያ ሰው ነው እንግዲህ በሳምንቱ ነጭ ዱቄት የሞላ ከረጢት ተሸክሞ በጓሮ በር የገባው።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ኤሪትሪቶል ነው። ከስኳር አልኮሎች አንዱ። ይጣፍጣል እንጂ ስኳር አይደለም። ለአክስትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ!»

የመጀመሪያውን ሠርቶ በትንሽ ሳህን አድርጎ ወደ ላይ ቤት ወሰደላት። አክስቴ ነከሰችና ቅንድቧን ሰቀለች።

«አኪል፣ ይሄን ከየት አመጣኸው? በጥር ብርድ የመስኮት መስታወት የላስኩ መሰለኝ። አፌ ቀዘቀዘ!»

«አፍ ውስጥ ሲሟሟ ያቀዘቅዛል። ስኳር አልኮል የሚሉት ነው።»

«አልኮል? ታዲያ ስካሩ የታለ?» አለችና ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችው። «አንተ ሰውዬ፣ ስኳሩም ስካሩም ይቅርባት ብለህ ፈረድክብኝ?»

በራሷ ቀልድ ሳቀች። ስንት ጊዜ ሆኗት ከሳቀች! አጎቴ ሥራው ተንቆበትም ደረጃውን እያፏጨ ወረደ።

ቀጥሎ ሶርቢቶል የሚባለውን ሞከረ። ሙቀቱ ትንሽ ስለበዛበት ቸኮሌቱ መፍጫው ውስጥ ጓል ሆነ። አጎቴ መሮና መዶሻ አንስቶ ይፈነቅል ጀመር። በዚያ ጫጫታ መሐል የአክስቴ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ።

«ቤቱን በላዬ ላይ ልታፈርሰው ነው?» አለች በሩ ላይ ቆማ። መፍጫውን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ሽርጧን ከተሰቀለበት አወረደች። «ዞር በል እስቲ።»

ሦስተኛውን፣ ማልቲቶል የሚባለውን፣ አብረው ነው የሠሩት። እሱ ሙቀቱን ይጠብቃል፣ እሷ ለውዙን ትቆላለች፤ ሁለቱም ይነታረካሉ። ሲያልቅ አክስቴ አንዷን አፏ ውስጥ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። 

«ይሂድ» አለች።

አጎቴ «ለውዝ ላምጣ» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ለውዙ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ ስትሰማ አስጠነቀቀች። «እማማ ጎደሊቭ፣ ይሄኛውም ቢሆን የደምዎን ስኳር ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ሲበዛ ደግሞ ሆድ ያውካል። በቀን ሁለት ይበቃዎታል።»

አክስቴ «እሺ የኔ ልጅ» አለች። የጰራቅሊጦስ ዕለት ግን አንድ ትልቅ የቸኮሌት ሳጥን ደብቃ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ዘማሪ ናት፤ ከዘማሪዎቹ አሮጊቶች ግማሾቹ እንደ እሷው ስኳር ያለባቸው ናቸው። ቅዳሴው ሳይጀመር ሳጥኑ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ባዶውን ተመለሰ።

አባ ኮርነል ስብከታቸው መሐል ሲደርሱ ከመዘምራኑ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። አባ ነጎድጓድ መስሏቸው ወደ መስኮቱ አዩ። በመጀመሪያ ፊሎሜን ብድግ ብላ ወጣች፤ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ የነበረች ሴት ናት፣ መቼም ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ሌሎቹም ተከተሏት። በመጨረሻ አክስቴ ቀሚሷን ሰብስባ በጎን በር ሾለከች። መዝሙሩ ሲደርስ የቀሩት ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ምስኪኖቹ የሴቶቹንም ክፍል ሊዘምሩት ሞከሩ።

አጎቴ ማታ ራት አልበላም። «አለቀልን» አለ። «ሆድ አበላሽ ተብሎ ስሜ ከተማውን ይዞራል። ሁለት ተብለሽ አልነበረም እንዴ?»

«ስንት ጊዜ ተከልክሎ የኖረ ሰው ሁለት ብሎ ያቆማል?» አለች አክስቴ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ የጎማ ከረጢት ሆዷ ላይ ይዛ። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «ጣፋጭ ስለነበር ነው እኮ፣ አኪል» አለችው። እሱ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

በማግስቱ በሩን ስከፍት ፊሎሜን ደጃፍ ቆማ ነበር፤ ከኋላዋ ሌሎቹ። አጎቴ ሊሸሸግ ሲል በሽርጡ ያዝኩት።

«ስድስት ነው የበላሁት» አለች ፊሎሜን፣ በሁሉ ሰው ፊት። «ሌሊቱን ሙሉ ሆዴ ሲያወራኝ አደረ። ግን ባሌ ከሞተ ወዲህ ቸኮሌት ቀምሼ አላውቅም ነበር። በትንሽ በትንሹ አድርገህ ሽጥልኝ፤ ትልቅ ሳጥን እንዳትሰጠኝ፣ ራሴን አላምነውም።»

አጎቴ «እሺ» ብሎ አክስቴ ወዳለችበት ማድቤት ፈጥኖ ገባ። ጠባቧን መስኮት አጸዳሁና አዲሱን ቸኮሌት ለብቻው ደረደርኩት። ለውዙ የተቆላበት ሽታ ከማድቤት ይመጣል።

አክስቴ «አበዛኸው!» ስትል ሰማኋት።

«አላበዛሁም!»

«አፍንጫህን ታመሃል እንዴ?»

ፊሎሜን ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት፣ ሳጥኗን እያሰርኩ፣ «ዛሬ ደህና ናቸው።»