ለምርመራ የተጸዳ ደም

እሜቴ በሕይወቷ ሁለት ነገር ታምን ነበር፤ ትኩስ ዳቦና ወፍራም ልጅ። ዳቦ ቤቱን ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ነው ያቆመችው፤ ፊደል ሳትቆጥር፣ ለማንም ሳታጎበድድ። አንዲት ልጇንም ያሳደገቻት እንደ ዳቦው ነው፤ አሽታ፣ አሙቃ፣ ኩፍ አድርጋ። ሰፈሩ ልጅቱን «ድንቡሼ» ብሎ ሲጠራት እሜቴ ደረቷን ነፍታ ትሰማ ነበር። የራሷም ወገብ ቢሆን በር ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ቀጭን ሰው ካየች «ይሄ ደግሞ የሚያበላው አጣ?» ትላለች፣ ሰውየው እየሰማ።

ድንቡሼ ያገባችው እዚያው ምድጃው ላይ የሚሠራውን ጋጋሪ ነው። ክንዱ በእሳት የተለበለበ፣ ቃል ከአፉ በጉጠት የሚወጣ ሰው ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሊወለድ ጥቂት ሲቀረው ሆዷ ውስጥ ዝም አለ። ሲወጣ የሦስት ወር ልጅ ያህላል፤ ጉንጩ ሙሉ፣ ክንዱ እጥፍጥፍ ያለ። ያየው ሁሉ «እንዴት ያምራል» አለ። የጎደለው እስትንፋስ ብቻ ነው። እሜቴ ሰው በዓይኑ በላብን ብላ ደመደመች፤ ከዚያ በላይ ማንንም አልጠየቀችም።

ድንቡሼ እንደገና ስታረግዝ እንግዲህ ቤቱ ውስጥ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይሄኛው እያለቀሰ እንዲወጣ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው አዋላጅ ገና ወጣት፣ እንደ ክር የቀጠነች ናት። እሜቴ ገና ስታያት ናቀቻት።

«ስኳርሽ ከፍ ብሏል» አለቻት አዋላጇ ለድንቡሼ።

«ስኳር የሽማግሌ በሽታ ነው» አለች እሜቴ ከጎን።

«እርጉዝም ይይዛል፣ እማማ። የመጀመሪያው ልጅም ያበጠው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።»

«አላበጠም። ወፍሮ ነው።»

አዋላጇ አልተቆጣችም፤ ወንበሯን ሳበችና አስረዳቻቸው። እናትየው ደም ውስጥ ያለው ስኳር በእትብቱ በኩል ወደ ልጁ ይሻገራል። የልጁ ቆሽት ያንን ሁሉ ለመጠቀም ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ የተረፈው ስብ ሆኖ ትከሻውና ሆዱ ላይ ይከመራል፤ ልቡ ሳይቀር ይወፍራል። አንዳንዱ እዚያው ይሞታል፣ አንዳንዱ ሲወለድ ትከሻው ይያዛል። «አንቺም ከመጀመሪያውኑ ክብደትሽ ከፍ ያለ ነው፤ ይሄ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ዳቦና ኬክ ቀንሺ፣ ከበላሽ በኋላ ተራመጂ። እንደዚያም ሆኖ ካልወረደ በየቀኑ የሚወጋ መርፌ እንጀምራለን።»

ድንቡሼ መርፌ የሚለውን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። እሜቴ ቦርሳዋን አንስታ ብድግ አለች። «ዳቦ ጋጋሪ ቤት ገብታችሁ ዳቦ ክልክል ትላላችሁ። በሉ ደህና ዋሉ።»

መንገድ ላይ ግን ቆም አለች። ልጇ እያለቀሰች ነበር። እሜቴም እንደ ሁልጊዜው መላ አላጣችም።

የዳቦ ቤቱን ንጽህና ሊቆጣጠር ከመንግሥት የሚላከው ሰውዬ መቼ እንደሚመጣ ወሬው ቀድሞ ይደርሳል። ያን ጊዜ ወለሉ ይታጠባል፣ የአይጥ ጉድጓድ በሲሚንቶ ይደፈናል፣ የነቀዘው ዱቄት ጓሮ ይገባል፣ ሠራተኛው ሁሉ ነጭ ኮት ይለብሳል። ሰውዬው አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ኬክ ተጠቅልሎለት ይሄዳል። በማግስቱ ኮቱ ይሰቀላል፣ ዱቄቱም ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ ዘዴ እሜቴ አንድም ቀን ጥፋት አልተገኘባትም።

«ለሰውዬው የምናደርገውን ለደምሽም እናደርጋለን» አለች። «ምርመራው ሲቃረብ ጎመንና ውሃ። ከተመረመርሽ በኋላ እንደ ሰው ትበያለሽ።»

«ያውቁብን ይሆን?»

«ማ? ያቺ ክር?»

እንዲሁ ሆነ። ቀጠሮው ሲደርስ ድንቡሼ በባዶ ሆዷ እያዛጋች ትሄዳለች፤ ጣቷ ተወግቶ ደሟ ሲታይ ንጹህ ነው። «ጎበዝ» ትላታለች አዋላጇ፤ «መርፌው ይቅርብሽ።» ስትመለስ እሜቴ ትኩስ ዳቦ በማር ለቅልቃ፣ ሻዩን ስኳር አጥግባ ትጠብቃታለች። ያን ዕለት እናትና ልጅ እየተሳሳቁ ነው የሚበሉት። ምን ይደረግ፣ ሞኝነት ከጥጋብ ጋር ሲሆን ያስቃል።

ሆዱ ግን አልተታለለም። አዋላጇ በሜትር ስትለካው ግንባሯን ቋጠረች። ልጁን ሆድ ውስጥ ወደሚያሳየው ማሽን ላከቻቸው፤ እዚያ ደግሞ ባለሙያው በዚያ ሁሉ ስብ ውስጥ ልጁ ጥርት ብሎ አልታይ አለው፤ ክብደቱን በግምት ነገራቸው፤ ግምቱም ዝቅ ያለ ነበር።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለች አዋላጇ። «ቤት ውስጥ ምን ትበላለች?»

«ያዘዝሽውን» አለች እሜቴ ዓይኗን በጨው አጥባ። «በእኛ ዘር ልጅ ትልቅ ነው።»

ድንቡሼ ጣቶቿን ትቆጥር ጀመር። ባሏ በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ አንገቱን ደፋ። ያን ቀን ማታ ቡኮው ላይ ጎንበስ እንዳለ «እሜቴ» አላት፣ «የምናታልለው እኮ አዋላጇን አይደለም።»

«አንተ ምድጃህን ጠብቅ።»

«ያኛውን የቀበርኩት እኔ ነኝ። ክብደቱ እስካሁን እጄ ላይ አለ።»

እሜቴ የማሩን ማሰሮ አንስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። በማግስቱ ጠዋት ግን ማሩን መልሳ አወጣችው፤ ልጇ ለምናት ነበርና እንቢ ማለት አታውቅበትም።

ድንቡሼን ቀኗ ደርሶ ምጥ የያዛት ከሰዓት በኋላ ነው። ውጤቶቹ ሁሉ ንጹህ ስለሆኑ አዋላጇ በሰላም ትወልዳለች ብላ እዚያው ተቀበለቻት። እሜቴም አብራ ገባች፤ ማንም ሊያስወጣት አልደፈረም። ጭንቅላቱ ወጣ። ሁሉም ተነፈሰ። ከዚያ ጭንቅላቱ ዔሊ አንገቷን እንደምትሰበስብ ወደ ውስጥ ተመለሰ፣ ቆመም።

«ትከሻው ተያዘ» አለች አዋላጇ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። ሰው ተጠራ። የድንቡሼን ጉልበቶች ወደ ደረቷ አጠፏቸው፤ አንዷ ነርስ ከእምብርቷ በታች በመዳፏ ገፋች። ሕፃኑ ፊቱ እየጠቆረ ነበር። እሜቴ ያንን ቀለም ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ አይታዋለች። ቆይቶ፣ አንድ ነገር ቋ አለና ሕፃኗ ወጣች። ሴት ናት፤ ግዙፍ፣ ዝልፍልፍ ያለች። አሽተው፣ አየር ሰጥተው፣ በመጨረሻ አለቀሰች፤ እንደ ድመት ግልገል። ቀኝ ክንዷ ግን እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠለጠለ።

እሜቴ ዓይኗን ከክንዱ መልሳ ለቅሶውን ሰማች። አለቀሰች እኮ፤ የፈለጉት ያ ነበር።

የጤና ጣቢያው ሐኪም መጣ። አዋላጇ ግድግዳውን ተደግፋ «ወደ ትልቁ ሆስፒታል መላክ ነበረብኝ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ትላለች። ሕፃኗ በዚያው ቅጽበት መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ከንፈሯ፣ ጣቶቿ፣ ከዚያ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ።

«የእናትየው ስኳር በእርግጥ ደህና ነበር?» አለ ሐኪሙ ቸኩሎ።

አዋላጇ ወደ እሜቴ አየች። እሜቴ ነጭ ግድግዳውን አየች። ዝም ብትል ጥፋቱ የዚያች ክር ይሆናል፤ ለዚያ ደግሞ አንዲት ቃል መተንፈስ አያስፈልጋትም ነበር።

«ንገሪው፣ እማዬ» አለች ድንቡሼ ከአልጋው ላይ፣ ደም በደም ሆና። «አንቺ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ።»

«ደህና አልነበረም» አለች እሜቴ። «ለምርመራው ስንል አስርበናት ነው።»

ሐኪሙ ወዲያው መርፌ አነሳ። የሕፃኗን ተረከዝ ወጋ፤ ስኳሯ ወርዶ ወርዶ ወለሉ ላይ ደርሷል። በደም ሥሯ የስኳር ውሃ ለቀቁባት። በኋላ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም፣ አዋላጇ ለባልየው አስረዳችው፤ ለእሜቴ ማስረዳት አልፈለገችም። ሕፃኗ ሆድ ውስጥ ያን ሁሉ ስኳር ለመጠቀም ለምዳለች፤ እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ድንገት ቀረ፣ ሰውነቷ ግን እንደለመደው ማቃጠሉን ቀጠለ። ባልየው «ሊጥ አልቆ ምድጃው እየነደደ» አለ በቀስታ። እሜቴ ከኋላው ቆማ ሰማች። በዚያች ቋንቋ ቢነግሯት ኖሮ ድሮም ይገባት ነበር፤ ወይም እንዲህ ብላ ማሰብ ፈለገች።

ድንቡሼንና ሕፃኗን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ ሕፃኗ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተኛች። ክንዷ ሊንቀሳቀስም ላይንቀሳቀስም ይችላል። የልቧ ግድግዳ ወፍሯል፤ ሊሳሳ ይችላል አሉ። መንቀጥቀጡ አእምሮዋን ነክቶት እንደሆነ ደግሞ የሚታወቀው ስታድግ ነው፤ ካደገች።

ድንቡሼ ሆስፒታል ቆየች። አንድ ጠዋት እሜቴ ሾርባ ይዛ ስትመጣ አዋላጇ ድንቡሼን ልትጎበኝ ከጤና ጣቢያው መጥታ፣ የጣት መውጊያዋን ይዛ አልጋው አጠገብ ቆማለች። ድንቡሼ አሁን ገና ቁርሷን ጨርሳለች፤ የብስኩት ፍርፋሪ ደረቷ ላይ አለ። እሜቴ ያንን ስታይ አንደበቷ ራሱ ቀደማት።

«አሁን አይሆንም፣ ገና መብላቷ ነው። ትንሽ ቆይተሽ ነይ፣ እስኪወርድ።»

አዋላጇ እጇን መለሰች። ድንቡሼ እናቷን አየቻት፤ እንደማታውቃት ሰው፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ። ከዚያ ጣቷን ለአዋላጇ ዘረጋች።

«አሁን ውጊኝ። ያለውን ቁጥር ጮክ ብለሽ ንገሪኝ።»

አዋላጇ ወግታ ነገረቻት። ከፍተኛ ነበር።

«ሾርባውን ይዘሽ ሂጂ፣ እማዬ» አለች ድንቡሼ፣ የደማውን ጣቷን በሌላው እጇ ይዛ። «ልጄን ደግሞ በመስታወቱ በኩል እንኳ እንዳታዪያት።»

እሜቴ ልትመልስ አፏን ከፈተች። የምትለው ነገር ሞልቶ ነበር። ባልየው ግን በሩን ከፍቶ ያዘላት፤ ጎንበስ ብሎ፣ በትህትና፣ እስክትወጣ ድረስ።