ሐይቅ መሃል የቀረችው ጀልባ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ሰኔ የገባው ዝናብ መስከረም ጠብቶም አላባራ አለ። የደንዲ ጤፍ ማሳው ላይ በሰበሰ። ስልክ ተቋረጠ። መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሰንብቶ ይዘጋል። አምቦ ውስጥ ሰው ጀንበር ሳትጠልቅ በሩን መቀርቀር ጀመረ። ወጥቶ ያልተመለሰ ልጅ በየሰፈሩ ነበር። ከኦቦ ሆርዶፋ ቤት ፊራኦል ነበር።

ፊራኦል የልጅ ልጃቸው ነው። ጊንጪ አክስቱ ዘንድ ጤፍ ሊያመጣ ሄደ። ከመኪና ሲያወርዱት ያየ ሰው ተገኘ። ሲወድቅ አየሁ ያለም ተገኘ። ሬሳውን ያየ ግን አልተገኘም።

እናቱ ድንቅቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለለቅሶ ልትቀመጥ ስትል አማቷ ኦቦ ሆርዶፋ ከለከሏት።

«ያላየሁትን አልቀብርም» አሉ። «በዚህ ቤት ድንኳን አይተከልም።»

ሽማግሌ ተላከባቸው፣ ፓስተሩም መጣ፤ ቃላቸውን አላጠፉም። ድንቅቱ ማጀት ውስጥ እንባዋን እየዋጠች ሁለት ዓመት አለፈ።

ኦቦ ሆርዶፋ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ወንጪ ሐይቅ ላይ ጀልባ ይቀዝፉ የነበሩ ሰው ናቸው። ጴንጤ ሆነው ሳለ ወደ ደሴቱ ገዳም ተሳላሚ ሲያሻግሩ ኖረዋል። ለሚጠይቃቸው «ውሃው ሃይማኖት አይለይም» ይሉ ነበር። ከሐይቁ ዳር ጎረቤት ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። የጎረቤት ሒሳብ፣ ሲወርድ ጀልባዋን አብሮ ወደ ደረቅ መሬት መሳብ ነው። ሳይስብ የሄደ ዕዳ አለበት።

ሳሎናቸው ውስጥ ማንም የማይነካው ጠረጴዛ አለ። በላዩ በእጅ የተሳለ ካርታ ተዘርግቷል፤ ሐይቅና ደሴት። ሐይቁ መሃል ኦቦ ሆርዶፋ ራሳቸው ከዋንዛ የቀረጿት፣ አውራ ጣት የምታህል ጀልባ ተቀምጣለች። ፊራኦልና ጓደኞቹ የሚጫወቱበት ነበር። እንደ ሉዶ ዳይስ ይወረወርበታል፤ አሸናፊ ግን የለውም። እያንዳንዱ አንድ ሰው ሆኖ ያወራል፤ አንዱ ደግሞ የሚገጥማቸውን ይተርካል። የጨዋታው ሕግ ከውጭ የመጣ ነው። አገሩን የጻፈችለት ግን ከጓደኞቹ አንዷ፣ ኤቢሴ ናት፤ ጅብ ዳኛ ሆኖ የሚቀመጥባት፣ ሙታን ሐሙስ ሐሙስ ገበያ የሚወጡባት ደሴት። የጀልባውን ወግ፣ የጎረቤት ሒሳቡን ጭምር፣ ከኦቦ ሆርዶፋ ጠይቃ አስገብታዋለች። ፊራኦል በጨዋታው ቀዛፊ ነበር። ጓደኞቹን ታምራትንና ለንሳን አሳፍሮ ሐይቁ መሃል ሲደርስ ሰዓት እላፊ ደረሰባቸውና ነገ እንጨርሳለን ብለው ተለያዩ። በማግስቱ ጊንጪ ሄደ።

ኦቦ ሆርዶፋ ጠዋት ጠዋት የካርታውን አቧራ ያራግፋሉ። ጀልባዋን አያንቀሳቅሷትም። ውሃ ላይ እስካለች ድረስ ቀዛፊዋ መንገድ ላይ ነው። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ድንቅቱ ግን ታውቃለች።

ጥቅምት ላይ ኤቢሴ ታምራትንና ለንሳን አስከትላ መጣች። ሦስቱም ሽማግሌውን እንደ ፊራኦል «አካኮ»፣ አያቴ፣ ነው የሚሏቸው።

«አካኮ፣ ደሴቷ መጽሐፍ ልትሆን ነው። ሌላ ሰውም እንዲጫወትባት። ማተሚያ ቤቱ ካርታውን ይፈልጋል፤ ያለኝ ይኸው ብቻ ነው።»

«ውሰጂው።»

«ጀልባዋስ?»

ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። ከዚያ «ውሃ መሃል ያለ ጀልባ በእጅ አይነሳም» አሉ። «ወይ ይደርሳል፣ ወይ ይሰምጣል።» ወንበር ስበው በፊራኦል ቦታ ተቀመጡ። «በሉ ተቀመጡ። እኔ ልቅዘፍ።»

ሦስቱ ተያዩ። ተቀመጡ።

ኤቢሴ መተረክ ጀመረች። «ከሰዓት በኋላ ነው። ከምሥራቅ ነፋስ ተነሳ፤ ጀልባዋን ወደ ገደሉ እየገፋት ነው። ምን ያደርጋሉ?»

«ከሰዓት በኋላ ከምሥራቅ ነፋስ የለም።»

«አካኮ፣ ሐይቁ የእሷ ነው» አለ ታምራት። «ከፈጣሪው ጋር አይከራከሩ።»

«አንተ ተሳፋሪ ነህ። ዝም ብለህ የገባውን ውሃ ጭለፍ!»

ለንሳ ሳቀች። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከዚያ ክረምት ወዲህ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም። ድንቅቱ ከማጀት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ኦቦ ሆርዶፋ ዳይሱን ወረወሩ። ሁለት።

«ሁለት ከወጣ መቅዘፊያው ይሰበራል» አለች ኤቢሴ። «ከፈለጉ ግን ድጋሚ ይወርውሩ።»

«ለፊራኦል ድጋሚ ትሰጪው ነበር?»

«አልሰጠውም።»

«እንግዲያው ተሰብሯል። በእጄ እቀዝፋለሁ።»

ወረወሩ። አምስት። ጀልባዋን በጣታቸው ገፋ አደረጓት።

«ዳርቻው ታየ» አለች ኤቢሴ። «ሐሙስ ነው። ሙታን ገበያ ወጥተው ዳር ቆመዋል፤ ጀልባዋን ያያሉ።» እዚህ ላይ ትረካውን አቆመች። «አካኮ፣ የደሴቷ ሕግ ነው፤ ተሳፋሪ ይመለሳል፣ ያሻገረው ግን እዚያው ይቀራል። ይተዉት። ሌላ ካርታ እስላለሁ፤ ይህ እንዳለ ይቀመጥ።»

«ፊራኦል ሕጉን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። እኔ ልቅዘፍ ያለው እሱ ነው።»

ኦቦ ሆርዶፋ በዘመናቸው ሰው አሳፍረው ውሃ መሃል አሳድረው አያውቁም። ቀና ብለው ልጆቹን አዩ። በሩ ላይ የቆመችውን እናት አዩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ መሃል ያሳደሯቸው እሳቸው ነበሩ።

«ድንቅቱ» አሉ። «ነጠላሽን አዘቅዝቂ። ነገ ድንኳን ይተከላል።»

ድንቅቱ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ ለበሰች።

ሽማግሌው ጀልባዋን ዳርቻው ድረስ አደረሷት። እጃቸውን አነሱ።

«ውረዱ። ሒሳባችሁን ታውቃላችሁ።»

ታምራት ጣቱን በአንድ ጎኗ አኖረ፣ ለንሳ በሌላው። ድንቅቱ መጥታ በመሃላቸው ጎንበስ አለች፤ እሷም ጣቷን አኖረች። ሳቧት። ጀልባዋ ሰማያዊውን ቀለም ለቀቀች፣ ቡናማው ላይ ወጣች፣ ቆመች።

«በቃ» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። «ከፍላችሁታል።»