በሥራነሽ ስም የተመዘገበው ፕሮግራም

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ጽሕፈት ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አንዱ የየብርጓል ነው። የብርጓል አሥራ ሁለት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ ስትመታ ኖራ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ ወጥታ፣ ከመናኸሪያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛች። ያን ጊዜ ስታነሣ ዛሬም ፊቷ ይፈካል። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ገበሬ ፊደሉ አንድ በአንድ ብቅ ሲል እያየ «እሰይ! ይኸው ስሜ!» ይላት ነበር።

ከደንበኞቿ ሁሉ የምትሳሳላቸው መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ነበሩ። የኔታ የዲማ የቅኔ መምህር ናቸው። የሟች መምህራቸው ቅኔ በመጽሐፍ እንዲቀር ፈልገው፣ ከዲማ እየመጡ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጡና በቃላቸው ይሉላታል፤ እሷ ትጽፋለች።

ችግሩ የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ነበር። ከሰው ያገኘችው ቅጂ ስለሆነ አንዳንዱን ፊደል አያውቀውም። አንድ ቀን ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ብዙኃኑ ኀ መሆን ባለበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሳጥን ተቀምጧል። የኔታ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና፣

«ኀጢአታችን በሳጥን ከተዘጋልንማ ምን ከፋን!» ብለው አሳቋት።

ሳቁ ግን አልቆየም። በሳምንቱ ያው ቅጂ ይዞት በመጣው ቫይረስ ኮምፒውተሩ ተበላሸና አርባ ገጽ ቅኔ ድራሹ ጠፋ። የብርጓል ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

«አይዞሽ ልጄ፣ ብራና ሲቃጠልም አይተናል» አሏት የኔታ። «ቅኔው እኔ ዘንድ አለ። እንደገና እንጀምራለን።»

ከዚያ ወዲህ እውነተኛነቱን ሳታረጋግጥ ምንም ነገር ኮምፒውተሯ ላይ ላትጭን ማለች።

ብዙም ሳይቆይ ደጀን ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ፈንታ የሚባል ሰው አንድ ካርቶን ይዞላት መጣ። ውስጡ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሲዲ፣ መመሪያ መጽሐፍና የመመዝገቢያ ቁጥር ያለባት ካርድ ነበሩ።

«ዋናው ነው» አላት። «ከተዘጋ ፕሮጀክት በጨረታ ያወጣሁት።»

«ቆይ ልየው።»

ሲዲውን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ጀርባው ብር ይመስላል፤ ቤት ውስጥ እንደተቀዳው ወደ አረንጓዴ አይመታም። ስሙም በእስክሪብቶ የተጫረ ሳይሆን የታተመ ነው። ካርዷ ላይ ያለው ቁጥርና መጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው አንድ ሆነ። የኔታም መጽሐፉን ተቀብለው እንደ ብራና እያገላበጡ፣

«መጽሐፍ ሲያጠራጥርሽ ኅዳጉን እይ። ይሄ ሰው የደከመበት ነው» አሉ።

እውነትም ኅዳጉ በእርሳስ ተሞልቷል። አንዱ ላይ «ይቺን ፊደል ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ድንጋይ ነኝ» ይላል። የብርጓል ያላየችውን ሰው ወደደችው።

መመሪያው ላይ ወዳለው የአዲስ አበባ ስልክ ደወለች። የካርዷን ቁጥር ስታነብላት፣ ያነሣችው ሴት መዝገቧን አይታ መለሰች፦

«ፕሮግራሙ የእኛ ነው፣ እውነተኛ ነው። ግን ቁይ ላይ በነበረ ፕሮጀክት ጸሐፊ፣ በሥራነሽ ስም ነው የተመዘገበው። የዝውውር ወረቀት ፈርማ ካልሰጠችሽ ማስጀመሪያ ቁልፍ የሆነውን ቁጥር ልሰጥሽ አልችልም።»

ፈንታ ተናደደ። «አገሩ ሁሉ በቅጂ ሲሠራ አንቺ ብቻ ጻድቅ ልትሆኚ ነው? ቁልፉን የሚሰብር ሰው አውቃለሁ!»

«አርባ ገጽ ያለቀሰው አንተ አይደለህም» አለችው፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀንም መጽሐፉን በነጠላዋ ጠቅልላ ቁይ ወረደች።

ሰው ጠይቃ፣ ሥራነሽን ገበያው ውስጥ ጨውና ሳሙና ስትሸጥ አገኘቻት። ጠይም፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት።

«የፕሮጀክቱ ጸሐፊ እርስዎ ነዎት?»

«ነበርኩ። ምነው፣ የጠፋ ዕቃ አለ?»

የብርጓል መጽሐፉን ገልጣ ሰጠቻት። ሥራነሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችና የራሷን ጽሕፈት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያም፣

«ቢሮው ሲዘጋ ኮምፒውተሩን መኪና ጭኖት ሄደ። ይሄስ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር» አለች። «ታውቂያለሽ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ በጨው ከረጢቱ ላይ እየመታሁ እጽፋለሁ። ጣቶቼ እንዳይረሱ። ሰው አበደች ይላል።»

የብርጓል የመጣችበትን ነገረቻት። ሥራነሽ የብርጓል ጽፋ ያመጣችውን የዝውውር ወረቀት እዚያው ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች። ለፊርማው ምን እንደምትፈልግ ብትጠየቅ፣ ምንም እንደማትፈልግ ራሷን ነቀነቀች።

«ስትጭኚው መጥቼ ልይ?» አለች ብቻ።

በሦስተኛው ቀን መጣች፤ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ለሰርግ የሚለበሰውን ለብሳ። የብርጓል የተፈረመውን ወረቀት በፋክስ ልካ፣ ቁልፉን በስልክ ተቀብላ ፕሮግራሙን ጫነችና ከወንበሯ ተነሣች።

«አንቺ ጀምሪው።»

ሥራነሽ ተቀመጠች። መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየፈለገች ነካች፤ ኋላ ግን ጣቶቿ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረዱበት። የኔታ ከጎኗ ቆመው ሀሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ፣ ቀጥሎም ኈንና ጐን እያስጻፉ ፈተኗት። አንድም ሳጥን አልወጣም።

«ወንበሩ ሁለት ቢሆንስ?» አለች የብርጓል በዚያው ምሽት። ሥራነሽ የጨው መደቧን ለእህቷ ለቃ ደብረ ማርቆስ ገባች፤ አሥራ አንድ ዓመትም አብረው ሠሩ። ጠዋት አንዷ ትጠርጋለች፣ አንዷ ዳቦ ይዛ ትመጣለች። የኔታ ሲያስጽፉ አንዷ ትጽፋለች፣ ሌላዋ በዓይኗ እየተከተለች ታርማለች። ቅኔው ውስጥ ያለውን ወርቅ ቀድማ ያገኘችው በኩራት ጉንጯን ነፍታ ትቀመጣለች።

የቅኔው መጽሐፍ በሁለት ዓመቱ አለቀ። ሁለቱ ሴቶች ራሳቸው ይዘውት፣ ከመኪና ወርደው ዲማ በእግር ሲሄዱ ዝናብ ያዛቸው። ነጠላቸውን ገፈው ጥራዙን ጠቀለሉበትና እነሱ በሰበሱ። የኔታ ከደጅ ተቀብለው፣ ለተማሪዎቻቸው እያሳዩ «እነዚህን እዩአቸው! መጽሐፍ ደርቆ ጸሐፊ የራሰበት አገር ሌላ አታገኙም» አሉ።

ዛሬ የኔታ የሉም። ያ ፕሮግራም በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ አይሠራም፤ ሰውም አማርኛን በስልኩ፣ በነጻ ይጽፋል። ሥራነሽ ልጇን ተከትላ ባሕር ዳር ገብታለች። የብርጓል ግን ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ሲል ባዶውን ወንበር ታያለች። ያን ጊዜ ትደውላለች፤ ሥራነሽም ገና ሰላም ሳትላት፣

«ዛሬ ምን ጻፍሽ?» ትላታለች።