ለሻምበል ጉንዳን የመጥለቅ ትምህርት

ክንዱ የወንድሙን ስልክ ከፍቶ "ምክር ቁጥር አራት" ብሎ ጻፈ። ወንድሙ ጌትነት ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

ጌትነት ጎርጎራ ላይ የጣናን ዓሣ ከሚያጠኑት አንዱ ነበር፤ የአየር ጋን በጀርባው አዝሎ ሐይቁ ውስጥ ይጠልቃል። ጎንደር ለቀረችው ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ለቤዚ በየሳምንቱ በስልክ የሚልክላት ቀልድ ነበረው፤ በብርጭቆ የምታኖረውን "ሻምበል" የተባለ ጉንዳን እንዴት ጠላቂ እንደምታደርገው። ቁጥር አንድ፦ "ሻምበልን አታስገድጂው። ጉንዳን ያለ ዘመድ ምክር ውኃ አይነካም፤ ሦስት ሽማግሌ ጉንዳን ላኪበት።" ቁጥር ሁለት፦ "እንዲሰጥም አንዲት የጤፍ ፍሬ ወገቡ ላይ እሰሪለት። ሁለት ካደረግሽ ወርዶ ይቀራል፤ እናቱ የምትከሰው እኔን ነው።" ቁጥር ሦስት፦ "ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጹም፤ ቦርጫም ጉንዳን ጭምብል አይመጥነውም።" ቁጥር አራትን ሳይጽፍ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ የተሳፈረባት ማኪና ተገለበጠች።

ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። ቤዚ የስድስተኛ ክፍል ፈተናዋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ መርዶው ከፈተናው በኋላ ይነገራት ተባለ። አስከሬኑ ለቀብር ወደ ትውልድ አገሩ ወደ አይከል ሄደ፤ እናቷ ብርቱካንም "አያትሽ ታመዋል" ብላት ተከተለች። ጎንደር ቁስቋም ሰፈር ካለው ቤታቸው ልጅቱን የሚጠብቅ ሰው ጠፋና ዕጣው ለአጎቷ ለክንዱ ወጣ። እንዲህ ያለው ምክር የሚያምረው ለመካሪው ብቻ ነው። ክንዱ የገዛ ወንድሙን አልቀበረም። ጥቁር አልለበሰም፣ አላለቀሰም፤ በየጠዋቱ ጢሙን ተላጭቶ ዩኒቨርሲቲ ሥራው ሄዶ ይመለስ ነበር።

ቤዚ "አባዬ ምነው ዝም አለ?" ስትለው ነው "ኔትወርክ ነዋ! ድምፅ አያስተላልፍም፣ ጽሑፍ ይልክልሻል" ያላት። ሳያስበው ከአፉ ያመለጠ ነገር ነው። አንዴ ከወጣ ወዲያ መመለሻ አልነበረውም።

"ጭምብሉን ስታጠልቂለት ቀንዶቹ እንዳይታጠፉ። ቀንዱ ለታጠፈ ሻምበል ወታደር አይታዘዝም" ብሎ ከመኝታ ቤቱ ላከ። ሳሎን ሆና ስትስቅ ሰማት። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ የጌትነትን መስሎ ሲወጣ ግን ደነገጠ። ቁጥር አምስት ተከተለ፦ "ውኃ ውስጥ ሐሜት ክልክል ነው፤ አፍ የሚከፈተው ለአየር ብቻ ነው።" ከዚያ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ሲጽፍ ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ "እሱን አጥፋው፣ አያስቅም" የሚለው ይመስለዋል። ጌትነት የሚሞትበት ስልኩን ሲዘጋው ነበር።

ፈተናው ባለቀበት ቀን ክንዱ ቤዚን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። ብርቱካን ከአይከል መጥታ ጎረቤት ተደብቃለች፤ መርዶውን የሚነግሩት ሽማግሌዎች በማግስቱ ሲነጋ ሊመጡ ተቀጣጥረዋል። ለልጅቱ አንድ የደስታ ከሰዓት ሊሰጣት ፈልጎ ጭማቂ ጋበዛት። ወደ ቁስቋም ዳገቱን ሲወጡ ቤዚ ቆም አለች።

"ጋሼ፣ ፈተናው አለቀ፤ ነገ ጠዋት ነው አይደል የሚነግሩኝ?"

"ምኑን?"

"የአባዬን።"

ክንዱ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ነጃት ብስኩት በነፃ ሰጠችኝ።"

ነጃት የሰፈሩ ባለ ሱቅ ናት፤ ለገዛ እናቷ እንኳ ከረሜላ የማትመርቅ ሴት።

"መምህሬም የቤት ሥራ ሳልሠራ ሄጄ ራሴን ዳበሰችኝ። ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ሸጋ ሆነብኝ። የዚያን ቀን አወቅኩ።"

ሰፈሩ በሙሉ አፉን ይዞ ከርሟል፤ ደግነቱን መደበቅ ግን አልቻለበትም።

"ታዲያ ምክሩን የምጽፈው እኔ መሆኔን እያወቅሽ ምነው ዝም አልሽ?"

"ስትጽፍ ትስቃለህ፤ በበሩ ስንጥቅ አይሃለሁ። ያልጻፍክ ቀን እራትህን አትበላም።" ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። "ደግሞ ምክሩ እስካላለቀ ድረስ አባዬም አላለቀም ብዬ ነው።"

ክንዱ ልጅ እየጠበቀ መስሎት ነበር፤ ለካ ስትጠብቀው የከረመችው እሷ ናት።

"ነገ እንዳላወቀ ሰው ልጩህ?" አለችው። "እማዬ ማወቄን ከሰማች ብቻዬን ማልቀሴን ታውቃለች።"

"እንደመጣልሽ ሁኚ፣ የኔ እናት" አላት።

ሲነጋጋ የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ወልደ ገብርኤል ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ብርቱካን ከኋላ ሆነው ገቡ። ቤዚ ፊቷን ታጥባ፣ ሹሩባዋን አስተካክላ፣ ለጩኸቱ ተዘጋጅታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ሁላችንም አፈር ነን፤ እግዚአብሔር የሰጠውን ይወስዳል። አባትሽ ጌትነት ዐርፏል።"

ያን ቃል በዚያ ቤት ጮክ ብሎ የተናገረ አልነበረም። ከልጅቱ አፍ ምንም ሳይወጣ፣ በር ላይ የቆመው ክንዱ "ወንድሜን!" ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። "ወንድሜን! ጌትዬ! ወንድሜን!" ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ፤ እነሱ የመጡት ለልጅቱ ነበር። ቤዚ ከአልጋዋ ወርዳ በመሃላቸው አለፈችና አጠገቡ ተንበረከከች። እንደ ትልቅ ሰው ጀርባውን እያሸች "አልቅስ ጋሼ፣ አሁን ተፈቅዷል፣ አልቅስ" አለችው፤ የራሷም ለቅሶ የመጣው ያኔ ነው።