በግራ የተፈተለ ባና

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። የሞላሌ ሸማኔዎች ማኅበር ጸሐፊ ከሆንኩ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሳላስብ የጻፍኩበት ጊዜ የለም።

ቤተል የምትባል ልጅ ከአዲስ አበባ የመጣችው በጥቅምት ነበር። የምትሠራው የአንድ ሩቅ አገር መንግሥት አዲስ አበባ ውስጥ በከፈተው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ አገር ያለ ሱቅ ዕቃ ሲፈልግ ለጽሕፈት ቤቱ ይጽፋል፤ እነቤተል ደግሞ ዞረው አቅራቢ ያገኙለታል። አሁን የተፈለገው የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ የእኛው ባና ነው። መንግሥት ደላላ ሆነ ማለት ነዋ ብዬ ስቀልድባት፣ ኮሚሽን የማይበላ ደላላ ብላ ሳቀች። ከስድስት ሸማኔዎች ቁራጭ ቁራጭ ናሙና ወሰደች፤ ለየናሙናው አንድ ቅጽ ተሞላ።

ቅጹ የአምራቹን ስም ይጠይቃል። ጋሽ ገሠሠን ስጠይቃቸው የትምወርቅ ብለህ ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ። እኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፣ ባናው ግን የሚጠራው በፈታይዋ ስም ነው። እትዬ የትምወርቅ የጋሽ ገሠሠ ባለቤት ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ቀብራቸው ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ። እንዲያም ሆኖ ስማቸውን ስጽፍ ምንም አልከበደኝም፤ ባናው የእሳቸው ነዋ።

በጥር ቤተል ደወለች። ሱቁ ከስድስቱ የጋሽ ገሠሠን መርጦ ሠላሳ ባና አዟል። ደስታዬን ሳልጨርስ፣ ጽሕፈት ቤቱ አቅራቢን በአካል ሳያይ ከገዢ ጋር እንደማያገናኝ፣ ስለዚህም ቅዳሜ መጥታ ወይዘሮ የትምወርቅን እንደምታነጋግር ነገረችኝ። ያኔ ነው ቅጹ ላይ የጻፍኩት ትዝ ያለኝ።

በንዴት ጋሽ ገሠሠ ቤት ሄድኩ። የሞተ ሰው እንዴት አምራች ይባላል፣ ለምን አላስታወሱኝም፣ ያላልኩት የለም። እሳቸው ሳይመልሱልኝ ከአልጋቸው ራስጌ አንድ አቁማዳ አውርደው ፈቱና አሳዩኝ። የበግ ፀጉር ክር ነው፤ ለአንድ ባና ቢበቃ ነው። እትዬ የትምወርቅ ፈትለው የተዉት ይኸው ብቻ ቀርቷል። ከሞታቸው ወዲህ ጋሽ ገሠሠ በሌላ ሴት ክር ሲሠሩ ኖረው፣ ከዚህኛው የነኩት ለናሙናው ብቻ ነው።

"ይኼን ከጨረስኩ እሷም አለቀች" አሉኝ። "ስሟን ያጻፍኩህም ወድጄ አይደለም። ዘመሮ ተወልዳ ሞላሌ ሞተች። ከዚያ ወዲያ አገር አላየችም። ስሟ እንኳ ይሻገር ብዬ ነው።"

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ ቤተል ስትመጣ እውነቱን የነገሯት ራሳቸው ናቸው። እሷም ሱቁ ለምን እንደመረጣቸው አስረዳችን። የአምስቱ ሸማኔዎች ክር ወደ ቀኝ የከረረ ነው፤ የእሳቸው ብቻ ወደ ግራ። ጨርቁ ሲዳሰስ ለየት የሚለው በዚያ ነው፤ ሱቁም ከዚያ ሌላ አይፈልግም።

ጋሽ ገሠሠ ፈገግ አሉ። እትዬ የትምወርቅ ግራኝ ነበሩ። ሌላው ሴት እንዝርቷን በቀኝ ጭኗ ላይ ስታሾር እሳቸው በግራቸው ነበር፤ ሙሽራ ሆነው የመጡ ጊዜ አማታቸው ሳይቀሩ ስቀውባቸዋል አሉ።

እንግዲያው ፈታይዋ ከሌለች ነገሩ አበቃ አልኩ።

"ሥራዬ አቅራቢ መፈለግ አይደል?" አለች ቤተል። "ለሱቁ እርስዎን አገኘሁለት። ለእርስዎ ደግሞ ፈታይ እንፈልጋለን።"

ሦስታችንም ገበያ ወጣን። ክር ከሚሸጡት ሴቶች ፊት ቁጢጥ እያለች፣ የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቶቿ እየፈታች ታይ ጀመር። ቀኝ፣ ቀኝ፣ አሁንም ቀኝ። ሴቶቹ ክራችንን አበላሸችብን ብለው ተቆጡ፤ እኔም ትዕግሥት የሚባል ስላልፈጠረብኝ ይብቃን አልኳት። ዞር ብላም አላየችኝ። ገበያው ሊበተን ሲል ሃምሳ ዓመት ከሚሆናት ሴት ፊት ደረሰች፤ ጣቶቿ ቆሙ። ፈታች፣ መልሳ አከረረች፣ ክሩን ለጋሽ ገሠሠ ዘረጋችላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱት።

ሴትየዋ ጌታነሽ ትባላለች፤ የመጣችው ከዘመሮ ነው። ግራኝ ነሽ ወይ ስንላት አይደለሁም አለች።

"ልጅ ሆኜ ያስተማረችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት። በግራ ጭኗ ነበር የምታሾረው፤ እኔ ክር የሚፈተለው እንዲያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኋላ አግብታ ወደዚህ መጣች። የትምወርቅ ትባላለች፤ ታውቋት ይሆን?"

መርዶ ማለዳ፣ በወጉ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኛ ግን ክር ስንገዛ አረዳናት። ጋሽ ገሠሠና እሷ እዚያው ገበያ መሃል ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል።

ቤተል በአዲሱ ቅጽ ላይ አቅራቢው ጋሽ ገሠሠ እንዲሆኑ፣ የፈታይዋ ስም ደግሞ በየባናው ጠርዝ በሚሰፋ ቁራጭ ጨርቅ ላይ እንዲጻፍ አስፈቀደች። ሠላሳውን ቁራጭ ይዤ ስሄድ ጋሽ ገሠሠ የመጀመሪያውን ባና ጨርሰው እያጣጠፉ ነበር። አቁማዳው ባዶውን ተሰቅሏል።

"ይኼ እኮ የእሳቸው ክር ነው" አልኳቸው። "አስቀምጠውት አልነበር?"

"አሁንማ አያልቅም፤ ጌታነሽ አለችልን" አሉ ባናውን እየዳበሱ። "የትምወርቅ ትሂድ። አገር ትይ።"

ሃያ ዘጠኙ ላይ ጌታነሽ ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ላይ የትምወርቅ። ይኼንን ግን አስቤ ነው የጻፍኩት።