የካዝ ሃያ ደቂቃ

ባሌ ካዝ ከእኔ ይልቅ አሮጌ መኪና ይወድ ነበር ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ጉልበቴን አመመኝ ስለው አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ አላየልኝም፤ ለፖንቲያክ መኪናው ግን ቀኑን ሙሉ ሥሯ በጀርባው ተንጋሎ ይውል ነበር።

የስልሳ ስምንት ሞዴል ናት። ከሟች አጎቱ እርሻ ጎትቶ ሲያመጣት ወለሏን ዝገት በልቶታል፣ መቀመጫዋ ውስጥ አይጥ ወልዷል። ሌላ ሰው ቢሆን ለብረት ሻጭ ሰጥቶ ይገላገላት ነበር። ካዝ ከሞተር ፋብሪካው ጡረታ እንደወጣ ጋራዣችን ውስጥ አስገብቶ ፈታታት። ሐሳቡ እንደ ድሮዋ ሊመልሳት አልነበረም፤ ከድሮዋ ሊያስበልጣት ነበር። የታምቡር ፍሬኗን አውጥቶ ዲስክ ገጠመላት፤ ባለአራት ማርሹን ካምቢዮ በባለአምስት ለወጠ፤ ማርሚታዋን ራሱ በየደ። ቀለሟን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጥቁር አረንጓዴ። እሱ ቀይ ነበር የፈለገው፤ ተጨቃጭቀን አሸነፍኩ። የቀረው ሞተሩ ነበር። እሱን የበረዶውን ወራት ሙሉ ከወንድሜ ከሌኒ ጋር ሆነው እንደ አዲስ ሠሩት።

በረዶው ሳይቀልጥ ካዝ ሥራ እያቆመ ደረቱን መያዝ ጀመረ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት።

«የሞተር ክብደት አንስቼ ነው፤ ጡንቻ ነው።»

«ጡንቻ እስከ ግራ እጅ ድረስ ይወርዳል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው ዶክተር የሆንሽው? ስሚ ሎሪ፣ ቅዳሜ ሞተሩን ላስነሳ። ሰኞ የፈለግሽበት ውሰጂኝ። ከፈለግሽ ቄሱም ጋ ውሰጂኝ።»

«ማል።»

«በፖንቲያኳ!»

ምን ይደረግ፣ ሳቅሁ። ለሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አስያዝኩለት።

የእኛ ሰፈር ሰው በሞተር ፋብሪካ እንጀራ ያደገ ነው፤ እና አንድ ነገር ሕፃኑም ሳይቀር ያውቃል። ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ አዲስ የሆነ ሞተር መጀመሪያ ሲነሳ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጥ መጮህ አለበት። ቀስ ብሎ በሚኒሞ እንዲዞር ከተተወ ዘይቱ በደንብ አይደርስም፣ አዲሱ ብረት ተፋጭቶ ያልቃል፣ የስንት ወር ልፋት ገደል ይገባል። ስለዚህ አንድ ሰው ሞተር የሚያስነሳ ዕለት ጎረቤት ወንበሩንና ቢራውን ይዞ ይመጣል። ቆሞ ያዳምጣል። ባለመኪናውን ግን ማንም አይጠጋውም፣ ማንም አያናግረውም። ያ ሰዓት የእሱ ነው። ጎረቤታችን ሃርላን በራሱ ቀን እንደ ልጅ ሲያለቅስ ሁላችንም ሰማይ ሰማዩን ስናይ ቆይተናል።

ቅዳሜ መኪናዋን ገፍተው ከጋራዡ ደጅ አወጧት። ሌኒ ኮፈኑን ከፍቶ ካቻቢቴውን እንደያዘ ሞተሩ ላይ አጎነበሰ፤ ፍጥነቱን ካርቡራተሩ ላይ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ካዝ ጥቁር መነጽሩንና የጆሮ መከለያውን አድርጎ ከመሪው ኋላ ገባ። የእሱ ሥራ የዘይቱን ቆጣሪ መከታተልና ሲያበቃ ቁልፉን ማጥፋት ነበር። በሁለቱ መካከል ኮፈኑ ቆሟል፣ አይተያዩም።

«ሌኒ፣ እንዳታበላሽብኝ!» አለ ካዝ።

«አንተ አርፈህ ተቀመጥ፤ ሥራ የያዘ ሰው አትነዝንዝ!»

ካዝ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ እኔ ዞረ። «ሎሪ፣ ቀይ ብትሆን ኖሮ እኮ ገና ድሮ ትነሳ ነበር!»

«ዝም ብለህ አስነሳ፣ አንተ ለፍላፊ!» አልኩት። ቁልፉን ጠመዘዘ።

እንዴት ብዬ ልናገረው፤ የቤታችን መስታወት ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሃርላን ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ለሰዉ የሠራሁትን ቋሊማ በዳቦ በሳህን ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜ ካዝን አየዋለሁ። መጀመሪያ በጣቱ መሪውን መታ መታ ያደርግ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ራሱን ወደ ኋላ ደገፍ አደረገ። ፈገግ ያለ መሰለኝ። የሃርላን ሚስት በክርኗ ነካ አድርጋኝ በአገጯ ወደ እሱ አመለከተችኝ፤ ደስታውን እዪለት ማለቷ ነው። አየሁለት። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ሰዓቱ ሲሞላ ሌኒ እጁን ከኮፈኑ በላይ አውጥቶ አወዛወዘ፤ በቃ፣ አጥፋው ማለቱ ነው። ሞተሩ መጮኹን ቀጠለ። እጁን ደግሞ አወዛወዘ።

«አልጠግብ አለ ሰውዬው!» ብሎ ሃርላን ጮኸ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሌኒም እየሳቀ ዞሮ መጣና በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ትከሻውን መታ አደረገው። ካዝ ወደ ጎን ዘንበል አለ።

ሳህኑን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ጎትተው ሣሩ ላይ አስተኙት፤ ሌኒ ደረቱን እየተጫነ፣ እያለቀሰ፣ እየተሳደበ። ሞተሩን ማጥፋት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ገብቼ ቁልፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ስጮህ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

የአምቡላንሱ ሰው አይቶት፣ ከሞተ ቆይቷል፣ የሞተው ሞተሩ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ሳይሆን አይቀርም አለ።

ከቀብር በኋላ ሃርላን እጄን ይዞ፣ «የሚወደውን እየሰማ ሄደ፣ ሎሪ፤ ማን እንደሱ ይታደላል?» አለኝ። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው፤ አውቃለሁ፤ ግን ስሰማው ደሜ ይፈላል። መንደሩ በሙሉ አጠገቡ ቆሞ፣ እኔም ቆሜ፣ በፍቅር እያየነው፣ ሰዓቱ የእሱ ነው ብለን ሳንጠጋው፣ ባሌ ብቻውን ሞተ።