ኮኩ ላይ የወደቀ መጋዝ

ጡረታ የወጣውን ሹፌር ከሆስፒታሉ ኮሪደር ያባረረችው የገዛ ልጁ ናት። «አባዬ፣ ነርሶቹን ራሳቸውን አዞርካቸው እኮ! ቤት ሂድ፤ እማዬ ከኦፕራሲዮን ስትወጣ እደውልልሃለሁ» አለችው። ዛሬ ከሚስቱ ሆድ ዕጢ ይወጣል፤ ክፉ ይሁን ደግ ገና አልታወቀም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ቤቱ አርፎ የሚቀመጥ ሰው ካለ እስቲ ይምጣ።

እሱ አልተቀመጠም። ስልኩን ደረት ኪሱ ከትቶ ጓሮ ወጣ። መኸሩ እያለቀ፣ ብርዱ እየገባ ነው። ጓሮው የሚስቱ ግዛት ሲሆን እሱ ውሃ ከማመላለስ ያለፈ ሥልጣን የለውም። ትናንት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ፣ «ናናውን ከሥሩ እጨደው፣ ጦስኙን ድርቆሽ አልብሰው፤ ሌላ ነገር እንዳትነካብኝ» ብላዋለች።

ናናውን አጨደ። ጦስኙን አለበሰ። ስልኩን አየ፤ ዝም። የረገፈ ቅጠል ጠርጎ ደግሞ አየ። እጁ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ይመጣበታል፣ ሐሳቡ ደግሞ አያድርስ ነው። ዓይኑ ኮኩ ላይ አረፈ። ናና ከሥሩ ታጭዶ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ከሆነ ኮክ ምን ያንሰዋል? መጋዝ አመጣ። አንድ ቅርንጫፍ ሲጥል ቀለል አለው፤ ሌላም ጣለ። ላብ እስኪያጠምቀው ቆርጦ ቆም ሲል፣ የቀረው ግንዱና ጥቂት ጉቶ ብቻ ነበር። ለመጪው ዓመት የተቋጠሩትን እምቡጦች መሬት ከወደቀው ቅርንጫፍ ላይ ያየው ያን ጊዜ ነው። በምን ዓይኑ ያያታል? ለማየትስ ያብቃው እንጂ!

ስልኩ ጮኸ።

«ወጥታለች አባዬ፣ ነቅታለች» አለች ልጁ። «ዕጢውን ለምርመራ ልከውታል፤ ውጤቱ ገና ነው። እሷን ላገናኝህ።»

የሚስቱ ድምፅ ቀጥኗል። «ጓሮዬን ምን አደረግከው?»

ሊዋሽ አስቦ ነበር፤ አልሆነለትም። «ኮኩን ቆረጥኩት። ጨረስኩት።»



«እጅህን ይቁረጠው አንተ ሰውዬ!» አለች። «እንግዲህ የዛሬ ዓመት ቅጠል ብቻ ነው፤ ፍሬ የሚይዘው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ምን አደርጋለሁ? እጠብቃለሁ።»

እንባው ቀደመው። መጋዙን እንደያዘ ቅርንጫፎቹ መሃል ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ጠብቂ» አላት። «አደራ፣ ጠብቂ።»